በኤምፒስሪዬ ውስጥ የነበሩት መምህር

እኔ ጠዋት ጠዋት ሰው አይጥመኝም። ክፋት አይደለም፣ ተፈጥሮ ነው። ከቦሌ አራብሳ ተነስቶ ቦሌ ያለው ቢሮው በሰዓቱ ለመድረስ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት የሚነቃ ሰው፣ ሁለቱን ካልሲዎቹን አንድ ዓይነት ማድረጉ ራሱ ሊመሰገንበት ይገባል። ከዚያ በላይ «እንዴት አደርክ፣ ቤተሰብ ደህና፣ ብርዱስ እንዴት ነው» የሚል ነገር ከአፉ እንዲወጣ መጠበቅ ግፍ ነው። የመሥሪያ ቤታችን ሰርቪስ ላይ ግን ያለ ሰላምታ መሳፈር ብሎ ነገር የለም። ከሾፌሩ ጀምሮ እስከ ኋላ ወንበር ድረስ አንድ በአንድ እጅ እየጨበጡ ነው የሚገባው። አንድ ሰው የዘለላችሁ እንደሆነ፣ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ «ምን አስቀይሜያት ነው?» የሚል ወሬ ቢሯችሁ ድረስ ይመጣል።

ስለዚህ ኤምፒስሪ ገዛሁ።

ለዘፈን ስልክ አይበቃም ወይ የሚል ይኖራል። የእኔን ስልክ ጎሮ ላይ፣ መንገዱ ተዘጋግቶ ታክሲው ቆሞ ሳለ፣ በመስኮት እጁን ያስገባ ሰው እንደ አደራ ዕቃ ተቀብሎኝ ሄዷል። አልሮጠም እንኳ። ከዚያ ቀን ወዲህ መንገድ ላይ ስልክ ላላወጣ ምያለሁ። ኤምፒስሪዋ ግን ማንም አይመኛትም። የክብሪት ቀፎ ታክላለች፣ ቀይ ናት፣ ጀርባዋ ላይ ልብስ ላይ የምትቆነጠጥበት ነገር አላት። ስክሪኗ በሦስተኛው ወር ስለጠፋ የትኛው ዘፈን እንደመጣ የማውቀው ሲጀምር ነው። የኢርፎኑ ገመድ ከተነቀለ ደግሞ ዝም አትልም፤ የራሷ ድምፅ ማጉያ ስላላት ለአገር ሁሉ ታሰማለች። ሰፈራችን ያለው ዘፈን ጫኝ ስምንት መቶ ዘፈን ጭኖልኛል፤ ግማሹ የሚያስጨፍር፣ ግማሹ የሚያስለቅስ።

ዘዴው ሠራ። ኢርፎኔን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ስገባ ሰው እጄን ጨብጦ ያልፋል፣ ራሴን ነቅነቅ አደርጋለሁ፣ አለቀ። ከኋላዬ የምትቀመጠው የሰው ሀብት ባልደረባዬ «ይቺ ጉረኛ» ብላኛለች አሉ። ትበል። እኔ ዘፈኔን እየሰማሁ በጎሮ በኩል እየተንቀራፈፍኩ ቦሌ እደርሳለሁ፤ ስደርስም ሰው መስያለሁ።

በሰርቪሳችን ወንበር ላይ ስም አይጻፍም እንጂ ርስት ነው። የእኔ ርስት መስኮት በኩል ሦስተኛው ረድፍ ሲሆን አጠገቤ የሚቀመጡት የማኅደር ክፍሉ ጋሼ ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ብቻ ነው የምንላቸው። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ወር ያልሞላ ጊዜ ቀርቷቸው ነበር። ዝምተኛ፣ ጨዋ፣ ካፖርታቸው ላይ ነጠላ ጣል የሚያደርጉ ሰው ናቸው። ለብዙ ወራት ኢርፎኔን አክብረው አንድም ቀን አላናገሩኝም። እንደውም ሰው ሊያናግረኝ ሲል በእጃቸው «ተዋት» የሚሉ እሳቸው ነበሩ።

ታዲያ በዐቢይ ጾም ሁለተኛ ሳምንት አንድ ጠዋት፣ በአንድ ጣታቸው ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። ያን ጊዜ ጆሮዬ ውስጥ ያለው ዘፈን ወገብ የሚያስፈታ ዓይነት ነው። በጾም ዘፈን እንደማይሰማ አላውቅም አይደለም። ከሥጋ ጾሜያለሁ፣ ከቅቤ ጾሜያለሁ፣ ከወተት ጾሜያለሁ፤ ጆሮዬ ብቻ አልጾመም። አንዱን ኢርፎን ነቀል አደረግኩ። ሁልጊዜ የማዳምጠው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ በቁጣ ሳይሆን እንዲያው እንደ አባት።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል።

«ስብከት ነው» አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። ገምተው እንደነበር፣ ሰው የማላናግረውም ለዚሁ መሆኑ አሁን እንደገባቸው ነገሩኝና ይቅርታ ጠይቀው ራሳቸው ኢርፎኔን መልሼ እንድሰካ አደረጉ። እኔም መልሼ ሰካሁ፤ ወገብ የሚያስፈታው ዘፈን ገና አላለቀም ነበር። ማታ ስንመለስ ወሬው ደርሶት ሾፌሩ ሳይቀር በአክብሮት አየኝ። የሰው ሀብቷ ብቻ ከኋላ ሳቅ አለች። እሷ ከኢርፎኔ የሚያመልጠውን ዘፈን ከኋላ ሆና ስትሰማ ከርማለች መሰለኝ።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። በማግስቱ ገና ከመቀመጤ ጋሼ ወደ እኔ ዞር አሉና፣

«ትናንት መምህሩ ምን አስተማሩ?» አሉኝ።

ምን ልበል? ትናንት ከጭፈራው ቀጥሎ የሰማሁት አንዲት ሴት ጥሏት በሄደ ሰው ምክንያት እንቅልፍ ስለማጣቷ ነው። ሌላ ነገር አእምሮዬ ውስጥ ስላልነበረ በእሷው ተያያዝኩት። ሴትዮዋን ነፍስ አደረግኳት፣ ሰውየውን ጸጋ አደረግኩት። ጸጋ ነፍስን ጥሏት ሄደ። ለምን ሄደ? መጥቶ ሲያንኳኳ በሩን ስላልከፈተችለት። እሷስ ምን ትሠራ ነበር? በሰው ነገር ተጠምዳ ነበር። አሁን ግን እንቅልፍ አጥታ ደጅ ደጁን እያየች ነው፤ ይመለሳል ወይስ አይመለስም? ይመለሳል፣ በጾም። ይህን ያህል ብዬ ጨረስኩ። ጋሼ «እውነት ነው» ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ያዝኩ። ማታ ማታ ሽሮዬን እያማሰልኩ የነገውን ስብከት አዘጋጃለሁ። እኔ! ቤተ ክርስቲያን ከረገጥኩ ስንት ጊዜዬ! የሐዘን ዘፈኖቹን በአምስት ቀን ጨረስኳቸው፤ የፍቅር ዘፈን ሁሉ መጨረሻው ያው መሆኑን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። የጭፈራዎቹ ደግሞ ምንም አይወጣቸውም። ከዚያ በኋላ ያየሁትን የሰማሁትን መስበክ ጀመርኩ። አንድ ቀን መንግሥተ ሰማያትን ሚኒባስ አደረግኳት። ረዳቱ ሦስት ሰው በሚይዝ ወንበር ላይ «ጠጋ በሉ፣ ጠጋ በሉ» እያለ አራተኛ ያስቀምጣል። የተቀመጠው ሰውዬ ያኮርፋል፤ ከአንድ ፌርማታ በፊት ግን እሱ ራሱ ከውጭ ቆሞ «አንድ ሰው ብቻ፣ በፈጠራችሁ» ሲል ነበር። ሌላ ቀን ደግሞ ውሃ በምትመጣበት ዕለት ቤቱ ላልነበረ ጎረቤቱ ጀሪካን ስለሞላ ሰውና ስላልሞላች ሴትዮ አስተማርኩ። ይህ እንኳ እውነት ነው፤ ያልሞላችው ሴትዮ እኔ ነኝ።

ጋሼ አንዳንዴ ይገረማሉ። መምህሩ በውኑ ስለ ሚኒባስ አስተማሩ ወይ ብለው ጠየቁኝ። በምሳሌ ነው የሚያስተምሩት አልኳቸው። ስማቸውንም ፈለጉ፤ ለትሕትና ሲሉ ስማቸውን አይናገሩም አልኳቸው፤ ይህንንም በጣም ወደዱላቸው። እውነቱን ለመናገር መምህሩን እኔም ቀስ በቀስ እየወደድኳቸው መጣሁ። ትንሽ ቁጡ ናቸው፣ በተለይ ሰኞ ሰኞ። አለቃዬ ሪፖርቴን ሦስተኛ ጊዜ በመለሰብኝ ቀን መምህሩ በክፉ አለቆች ላይ አስተማሩ፤ በጣም አመረሩ፣ ጋሼ እንኳ «ዛሬስ ከበዱ» አሉ።

በጾሙ ሦስተኛ ሳምንት ግን ጉድ ፈላ።

ጎሮ ልንደርስ ስንል አንድ ባጃጅ ከየት መጣ ሳይባል ፊታችን ተደነቀረና ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። ሁላችንም ወደ ፊት ተወረወርን። የእኔ የኢርፎን ገመድ ከኤምፒስሪዋ ውልቅ አለ። ያቺ የክብሪት ቀፎ ያን ሁሉ ድምፅ የት እንደደበቀችው እንጃ፤ ከበሮው፣ ጭብጨባው፣ እልልታው ሰርቪሱን ሞላው። በዐቢይ ጾም፣ በጠዋት! ላጠፋት ብዬ የነካሁት ቁልፍ የድምፁ ሆኖ ይብስ ጨመርኩት። ቆንጥጬ ካፖርቴ ውስጥ ብከታት ከካፖርቴ ውስጥ ትጨፍራለች። በመጨረሻ ተቀመጥኩባት፤ ድምፁ ታፈነ እንጂ አልቆመም። መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ የሚባለው ለዚህ ነው ለካ።

የሰው ሀብቷ አላሳለፈችኝም።

«ዛሬማ መምህሩ በከበሮ ነው የመጡት» አለች።

ሰርቪሱ በሙሉ ሳቀ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ሁሉም ያውቃል። ሾፌሩ ያውቃል፣ የፊት ወንበሮቹ ያውቃሉ፣ ሁሉም ሲያውቅ ከርሞ ዝም ያለው ለጋሼ ብሎ ነው። የማያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። እሳቸውም ዞር ብለው እያዩኝ ነው። እዚያው ላይ እውነቱን ብናገር ይቅር ይሉኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው አውቃለሁ። እኔ ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ መምህሩ ራሳቸው ያስገቡት ነው፣ ሰይጣን በምን ዓይነት ድምፅ እንደሚጠራን ለማሳየት ነው አልኳቸው።

ጋሼ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። ከመቀመጫዬ ሥር ከበሮው አሁንም ድብ ድብ ይላል።

«እውነታቸውን ነው» አሉኝ በመጨረሻ፣ ዝግ ብለው። «እኔ ራሴ ሳላውቀው እግሬን እያንቀሳቀስኩ ነበር።»

ከኋላዬ የሰው ሀብቷ ሳቋን በስካርፏ ስታፍን ሰማኋት። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ አንጀቴን በሉት። እኚህን የመሰለ ሰው ማታለል ሕፃን ልጅ ማታለል ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት አቆማለሁ ብዬ ቆረጥኩ። ሰበብም አዘጋጀሁ፦ ኤምፒስሪዋ ተበላሸች ልል ነው።

ሰኞ ልናገር ስል ቀደሙኝ። ሳምንቱ የመጻጉዕ መሆኑን፣ መምህሩ መቼም ስለ እሱ ሳያስተምሩ እንደማያልፉ፣ ይህን በተለይ ሊሰሙት እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። እንዲህ ዓይነት ነገር ለምነውኝ አያውቁም። እሺ፣ ይቺ የመጨረሻዋ ትሁን ብዬ በልጅነቴ ሰንበት ትምህርት ቤት የተማርኳትን ማስታወስ ጀመርኩ። ብዙ ዓመት የታመመ ሰው ነው፤ ከመጠመቂያው ዳር ተኝቷል፤ ውሃው ሲናወጥ ቀድሞ የገባ ይድናል፤ እሱን ግን ወደ ውሃው የሚያስገባው ሰው የለውም። የማስታውሰው ይህን ብቻ ነው፣ ሌላው ጠፍቶኛል። የቀረውን ከአራብሳ ሞላሁት።

መምህሩ እንዲህ አሉ አልኳቸው፦ ያ ሰው ዛሬ ቢሆን ኖሮ የሚተኛው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለም። የቅዳሴው ድምፅ በመስኮት ይመጣል፣ ይሰማዋል፣ የሚያወርደው ግን የለም። ጎረምሶቹ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለሉ ያልፋሉ። ጎረቤቱ «እንዴት ዋልክ» ይለዋል በበሩ፣ እሱም «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፣ ያልፋል። ጌታ ግን አንተ ውረድ አላለውም። ሊፍትም አልጠበቀም። በእግሩ ወጣ።

ጥሩ አድርጌ የጨረስኩ መሰለኝና ጋሼን አየኋቸው። ፊታቸውን ወደ መተላለፊያው አዙረዋል። አስቀየምኳቸው ብዬ ቀኑን ሙሉ ሥራ አልሠራሁም።

በማግስቱ ጠዋት ነው የነገሩኝ። ባለቤታቸው የዛሬ ሁለት ዓመት ደረጃው ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል። ቤት ውስጥ በምርኩዝ ትንሽ ትንሽ ይላሉ፤ አራት ፎቅ ግን መውረድ አይችሉም። ሁለት ዓመት ሙሉ ቤተ ክርስቲያን አልሄዱም። ጋሼ እኔ የምነግራቸውን በየማታው ለእሳቸው ነው የሚነግሩት። አንዷንም አላስቀሩም፤ ጥሏት የሄደውን፣ ሚኒባሷን፣ ጀሪካኑን፣ ክፉዎቹን አለቆች ሳይቀር። ትናንት መጻጉዕን ሲነግሯቸው ባለቤታቸው አለቀሱ። «መምህሩ የኛን ቤት ያውቁታል እንዴ?» ብለው ጠየቋቸው።

እንግዲህ እኔ አንድ ሰው ብቻ ያታለልኩ መስሎኝ ነበር። ለካ ውሸቴ በየማታው አራት ፎቅ ስትወጣ ከርማለች። አፈርኩ፤ ከማፈሬም በላይ ፈራሁ። ተበላሸች ልላቸው ያሰብኩትን ዋጥኩት። ያን ቀን ማታ ሽሮው እስኪያርርብኝ ድረስ ተጨንቄ አዘጋጀሁ። ከዚያ ወዲህ በአለቃዬ ላይ አልሰበክኩም። ዘፈንም መስማት አቆምኩ፤ ኢርፎኑን እሰካለሁ፣ ኤምፒስሪዋን ግን አልከፍታትም፣ የነገውን እያሰብኩ እሄዳለሁ። የሰው ሀብቷም መሳቋን ተወች። እንደውም አንድ ቀን ቢሮዬ ብቅ ብላ፣ እህቷ ስለገጠማት ነገር አውርታ አውርታ «ለመምህሩ ከጠቀመ ብዬ ነው» ብላኝ ሄደች።

የጋሼ የመጨረሻ ሳምንት ደረሰ። ሐሙስ ዕለት ከደረት ኪሳቸው እንደ ቅመም የተጠቀለለች ወረቀት አወጡ። ውስጧ ሚሞሪ ካርድ አለ። ራሳቸው ጠያይቀው የገዙት ነው። ያቺን ሁሉ ትምህርት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንድገለብጥላቸው ፈለጉ። ማጫወቻም ሊገዙ አስበዋል፣ የትኛው እንደሚሻል እኔ እንድነግራቸው።

«ከሰኞ ጀምሮ ሰርቪስ የለኝም» አሉኝ። «ማታ ስታየኝ ምን ልንገራት?»

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እሺ አልኳቸው። ምን ልል ኖሯል? ደግሞ ይህ አልበቃ ብሎኝ፣ ማጫወቻ እንዳይገዙ፣ ትምህርቱን በእኔው ኤምፒስሪ ላይ ጭኜ ቅዳሜ ቤታቸው ድረስ እንደማመጣላቸው ቃል ገባሁ። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው መረቁኝ። ልጅ አይታጣ፣ ቤት አይዘጋ፣ ያልመረቁኝ ነገር የለም። እያንዳንዷ ምርቃት እንደ ኩርኩም ነበር የምታርፍብኝ።

አርብ ከሥራ ስወጣ ዘፈን ጫኙ ዘንድ ሄድኩ። ስምንት መቶውን ዘፈን አጥፍቶ ስብከት እንዲጭንልኝ ነገርኩት። ሰውዬው ከኮምፒውተሩ ቀና ብሎ ምን ደረሰብሽ በሚል ዓይን አየኝ። ቀጥሎ እንደ ባለሙያ፣ የሚቆጡትን ነው፣ የሚያለቅሱትን ነው፣ ወይስ የሚያስቁትን ብሎ ጠየቀኝ። ስለ ሚኒባስ የሚያስተምሩ አሉህ ወይ አልኩት። የሉም አለ። እንግዲያው ከሁሉም ቀላቅል አልኩት። ዘፈኖቼ ሲጠፉ በስክሪኑ ላይ አየኋቸው፤ አንዱን እንኳ ለማትረፍ አልሞከርኩም። ዕቅዴ ቀላል ነበር፤ እውነተኛ መምህራን እውነተኛ ትምህርት ያስተምራሉ፣ ባለቤታቸው ይሰማሉ፣ የእኔው መምህር በሰላም ያርፋሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብርቱካንና ሙዝ ይዤ ሄድኩ። የጋሼ ብሎክ ከእኔ ብሎክ የሃያ ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። አራተኛ ፎቅ ስደርስ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። ባለቤታቸው መስኮቱ አጠገብ በተነጠፈ አልጋ ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ቀጭን፣ ዓይናቸው ንቁ የሆነ ሴት ናቸው። እንዲህ ዓይነት ዓይን ያለው ሰው ፊት መዋሸት እንደማይቻል ገና ከበሩ አውቄዋለሁ። ሳሙኝ፣ አገላብጠው አዩኝ፣ «ልጅቷ ይቺ ናት?» አሏቸው ጋሼን። ጋሼም እንደ ገዛ ልጃቸው ኮርተውብኝ «እሷው ናት» አሉ።

ኤምፒስሪዋን ከፈትኩና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት። ከሚቆጡት አንዱ መጡ። ጋሼ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቆመው ትንሽ ካዳመጡ በኋላ እንግዳ አፉን ሳያርስ ይቀመጣል እንዴ ብለው ለስላሳ ሊያመጡ ወረዱ። ይቅርብኝ ብዬ ብለምንም አልሰሙኝም። አራት ፎቅ ወርደው ሱቅ ደርሰው እስኪመለሱ ሩብ ሰዓት አለን ማለት ነው።

በሩ እንደተዘጋ ባለቤታቸው ኤምፒስሪዋን በዓይናቸው ጠቆሙኝ።

«አጥፊያት» አሉ።

አጠፋኋት።

«አባቴ ቄስ ነበሩ» አሉኝ። «ስብከት ስሰማ ነው ያደግኩት። ‹ጠጋ በሉ› የሚል ስብከት ግን ሰምቼ አላውቅም።»

መናዘዝ ጀመርኩ። ከየቱ እንደምጀምር እንኳ አላውቅም፤ ዘፈኑን፣ ጠዋት ሰው እንደማይጥመኝ፣ ከበሮውን፣ ሁሉንም አንድ ላይ አፈሰስኩት። እንባዬም መጣ። ከበሮው ጋ ስደርስ ባለቤታቸው፣ ጋሼ «መምህሩ ሰይጣን እንዴት እንደሚጠራ አሳዩ» ብለው በጣቶቻቸው አልጋው ጫፍ ላይ መትተው እንዳሰሟቸው ነገሩኝና ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አውቀዋል። ጋሼ ግን ያውቁ እንደሆነ ስጠይቃቸው እጃቸውን አወናጨፉ።

«እሱማ ምን ያውቃል» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሠላሳ አምስት ዓመት አብረን ስንኖር ከሥራ ገብቶ ‹ደክሞኛል› ነው የሚለኝ። እኔ ከወደቅኩ በኋላ ደግሞ እሷንም ተዋት። ምን ያውራኝ? ያሳዝነኛል፣ አሳዝነዋለሁ፣ ግድግዳ እያየን እናመሻለን። አሁን ግን ማታ ጫማውን ሳያወልቅ ነው የሚጀምርልኝ። እዚህች ጋ ይቀመጥና በእጁ እያሳየ፣ ረዳቱን እየሆነ፣ ያኮረፈውን ሰውዬ እየሆነ። እንዲህ ዓይነት ሰው እንዳገባሁ አላውቅም ነበር።»

ይቅር ሊሉኝ ነው ብዬ ጠብቄ ነበር፣ ሊቆጡኝም ይችላሉ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ይህን ግን አልጠበቅኩም። ኤምፒስሪዋን አንስተው እጄ ላይ አኖሩልኝ።

«ዘፈንሽን መልሰሽ ጫኝባት» አሉኝ። «ስብከቱን ከእሱ ነው የምታወጪው መሰለኝ።»

ደግሞ ይህን ሁሉ ውሸት ይዤ እንዴት እቀጥላለሁ አልኳቸው፤ ያውም በጾም፣ ያውም በእግዚአብሔር ቃል። የቄስ ልጅ ናቸውና ነገሩን አቅልለው አላዩትም።

«ንስሐ እንገባለን» አሉ፤ «አንቺም፣ እኔም። እስከዚያው ግን አታቋርጪብኝ።»

ጋሼ ሦስት ለስላሳ በፌስታል ይዘው፣ እያለከለኩ ገቡ። መምህሩ ለምን ዝም እንዳሉ ጠየቁ። ባለቤታቸው ግንባራቸውን ያዝ አድርገው፣ የዚህች ዕቃ ድምፅ ራሳቸውን እንዳመማቸው፣ ከማሽን መስማት እንደማይስማማቸው፣ ልጅቷ ለጋሼ በስልክ ብትነግራቸውና ጋሼ ደግሞ እንደ ወትሮው ማታ ማታ ቢነግሯቸው እንደሚሻላቸው ተናገሩ። ጋሼ ፌስታላቸውን እንደያዙ ቆመው አዩኝ። ጡረታ ወጥተው ሦስተኛ ቀናቸውም አልሆነም። መልሰው ሥራ የተቀጠሩ ይመስል ወገባቸውን አቀኑ፣ እስክሪብቶ ፍለጋ ኪሳቸውን ዳበሱና ከስንት ሰዓት ጀምረው ሊደውሉልኝ እንደሚችሉ ጠየቁኝ።